ከቀርከሃ ዘንግ እስከ አሉሚኒየም ፍሬም፦ የተንጠልጣይ ጨርቅ ታሪክ

መንገደኛ ባነር ሲያይ የሚያነበው መሀሉን ነው። የሚሰቅለው ሠራተኛ ግን ዓይኑ ጠርዙ ላይ ነው። ባነር መቀደድ የሚጀምረው ከጥግ ነው፤ የሚሸበሸበው ከላይ፣ የሚጠቀለለውም ከታች ነው። በጨርቅ ላይ ስለሚሳለውና ስለሚታተመው ነገር ብዙ ተጽፏል። ጨርቁ እንዴት ተቀምቅሞ፣ በምን ተንጠልጥሎ፣ ንፋሱንና የራሱን ክብደት እንዴት እንደቻለ ግን ታሪኩ የሚገኘው እዚህም እዚያም ተበታትኖ ነው። ይህ ትረካ ያንን ታሪክ ከጥንቱ ጀምሮ በተርታ ይከተላል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት 2ኛው ክፍለ ዘመን እስከ 3ኛው ክፍለ ዘመን፦ ዘንጉ

በ1972 በቻይና፣ በቻንግሻ ከተማ ዳርቻ ማዋንግዱይ በተባለ ቦታ፣ የዳይ መስፍን ባለቤት የነበረችው የሺን ዡይ መቃብር ተከፈተ። ሴትዮዋ ከሞተች ከ2,100 ዓመት በላይ ሆኗታል። በውስጠኛው የሬሳ ሣጥን ላይ የላቲኑን «ቲ» ፊደል የሚመስል የሐር ጨርቅ ተዘርግቶ ተገኘ። ቁመቱ 205 ሳንቲ ሜትር ነው። ሰማዩ፣ ምድሩና የታችኛው ዓለም፣ በመካከላቸውም ባለቤቲቱ ራሷ በምርኩዝ ተደግፋ ተስለውበታል።

የሥዕሉን ምሥጢር ለሥነ ጥበብ ሊቃውንት ትተን አናቱን እንይ። በላይኛው ጠርዝ በኩል የቀርከሃ ዘንግ ገብቷል፤ ከዘንጉ ሁለት ጫፍ የሐር ማንጠልጠያ ታስሯል፤ በታች ማዕዘኖቹ ደግሞ ዘርፎች ይንጠለጠላሉ። ጨርቁ በሁለት ጥጉ ብቻ ቢንጠለጠል ኖሮ መሀሉ ረግቦ ሥዕሉ ይሸበሸብ ነበር። ዘንጉ ግን ክብደቱን በላይኛው ጠርዝ እኩል አካፍሎታል። ዛሬ ማተሚያ ቤት ሄዶ «ከላይ ዱላ ማስገቢያ ይኑረው» የሚል ደንበኛ የሚያዘው ይህንኑ ነው።

የሮማ ሠራዊትም ወደዚሁ መልስ ደርሷል። ቬክሲሉም የሚባለው የሮማውያን ዓርማ እንደ ዛሬው ባንዲራ በጎኑ ከምሰሶ ጋር አይያያዝም፤ በጦር ላይ ከተጋደመ ዘንግ ወደ ታች ይወርዳል። ከነጨርቁ ተርፎ የተገኘ አንድ አለ። በግብፅ ደረቅ አሸዋ ተጠብቆ የቆየ የ3ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ሲሆን አሁን በሞስኮ ፑሽኪን ሙዚየም ይገኛል። ቀይ የተነከረ የተልባ እግር ጨርቅ ነው፤ ወርዱም ቁመቱም ግማሽ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የድል አምላክ የምትባለው ቪክቶሪያ በሉል ላይ ቆማ በወርቃማ ቀለም ተስላበታለች። ከላይ ለዘንግ ማስገቢያ የታጠፈው ጠርዝ፣ ከታች ደግሞ የዘርፉ ቅሪት ዛሬም ይታያል። ወታደሩ በአቧራና በሁካታ መካከል የክፍሉን ምልክት ለይቶ ማወቅ ነበረበት፤ ንፋስ ሲነፍስ ብቻ የሚዘረጋ ጨርቅ ለዚህ አይሆነውም።

ከ7ኛው እስከ 10ኛው ክፍለ ዘመን፦ ከታች የሚጎትት ክብደት

ዘንጉ የላይኛውን ጠርዝ ችግር ፈታ፤ የታችኛው ቀረ። ረጅምና ቀጭን ጨርቅ ከላይ ብቻ ሲያዝ ጎኖቹ ወደ ውስጥ ይጠቀለላሉ፤ ትንሽ ንፋስ ካገኘ ደግሞ ይሽከረከራል። የዚህ መፍትሔ ጎልቶ የሚታየው በሐር መንገድ ላይ ባለችው በዱንሁዋንግ ዋሻዎች ነው። በ1900 ዋንግ ዩዋንሉ የተባለ መነኩሴ በግንብ የተደፈነ ክፍል ከፈተ። በውስጡ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጽሑፎች፣ ከእነሱም ጋር የቡድሃ ቤተ መቅደሶች ዓርማዎች ተከማችተው ነበር። በ1907 ኦረል ስታይን፣ በ1908 ደግሞ ፖል ፔሊዮ የተባሉ አሳሾች ብዙዎቹን ወሰዱ፤ በርካቶቹም ዛሬ በለንደንና በፓሪስ ሙዚየሞች ይገኛሉ።

እነዚህ ዓርማዎች የአንድ ሙሉ የአሠራር ሥርዓት ውጤት ናቸው። አናታቸው ሦስት ማዕዘን ሆኖ የተሰፋና ጫፉ ላይ ማንጠልጠያ ያለው ነው፤ ክብደቱ ሁሉ ወደ አንድ ነጥብ ይሰበሰባል። ከጎንና ከጎን ረጃጅም ቁራጭ ጨርቆች ይወርዳሉ። ከታች ያሉት ጅራቶች መጨረሻቸው በአንዲት ጠፍጣፋ እንጨት ይታሰራል፤ እንጨቷም ራሷ አበባ ተስሎባታል። ሥራዋ መጎተት ነው፦ ጨርቁን ቀጥ አድርጋ ትይዘዋለች፣ እንዳይዞርም ትከለክለዋለች። ሐሩ ስስ ስለሆነ ምስሉ ከፊትም ከኋላም ይታይ ነበር፤ በሰልፍ ሲሄድ ከየትኛውም ወገን ያለ ምእመን ያየዋል። ከላይ ዘንግ፣ ከታች ክብደት የሚለው ሕግ ከዚያ ወዲህ አልተሻረም። በአዳራሽ ጣሪያ የሚንጠለጠል ባነር ዛሬም ከታች የብረት ወይም የአሉሚኒየም ዘንግ ይገባለታል።

ከ1450 እስከ 1750፦ ሦስት አገር፣ ሦስት መልስ

በዚህ ዘመን ጨርቁ እየተለቀ ሄደ። ሲተልቅም በየአገሩ ሌላ ሌላ ፈተና አመጣ።

በማዕከላዊ ኢጣሊያ ወረርሽኝ ሲገባ ከተሞች ጎንፋሎኔ የሚባል ትልቅ ሥዕል በሸራ ላይ አስለው በሰልፍ ይዞሩ ነበር። ቤኔዴቶ ቦንፊሊ በ1464 ለፔሩጂያ የሳለው፣ ማርያም መጎናጸፊያዋን ዘርግታ ሕዝቡን ከመቅሠፍት ቀስቶች ስትከልል ያሳያል። ሥዕሉ ያምራል፤ አሠራሩ ግን ደካማ ጎን ነበረው። ቀለም በሸራ ላይ ሲደርቅ ቅርፊት ይሆናል። ሸራው ሲታጠፍ፣ ሲጠቀለል፣ በንፋስ ሲመታ ቅርፊቱ ይሰነጠቃል። ጨርቁ ተጣጣፊ፣ ቀለሙ ግትር ሆኖ ሁለቱ መስማማት ያቃታቸው ችግር ከዚያ በኋላ ለ500 ዓመታት ያህል የዘለቀ ነው።

ጃፓኖች በዚሁ ዘመን፣ እርስ በርስ ሲዋጉ በቆዩበት ክፍለ ዘመን፣ ኖቦሪ የሚባለውን ረጅም ዓርማ አስፋፉ። ብልሃቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ምሰሶው ከላይ አግዳሚ ክንድ አለው፤ ጨርቁ በላይኛውና በአንድ ጎኑ በተሰፉ ትንንሽ የጨርቅ ቀለበቶች በምሰሶውና በክንዱ ላይ ይገባል። ስለዚህ ንፋስ ኖረም አልኖረም ምልክቱ ይነበባል። ሁለተኛ፣ ምልክቱ በቀለም አይለቀለቅም፦ ነጭ ሆኖ የሚቀረው ክፍል በሩዝ ሙጫ ይሸፈንና ጨርቁ ይነከራል፤ ሙጫው ሲታጠብ ምልክቱ በጨርቁ ውስጥ ይቀራል። የሚሰነጠቅ ቅርፊት የለውም። ጦርነቱ ሲያበቃ ኖቦሪ ወደ ቲያትር ቤት፣ ወደ ሱሞ ትግልና ወደ ሱቅ ደጃፍ ተሻገረ። ዛሬ በነዳጅ ማደያና በባንክ በር ላይ የሚተከለው፣ ላባ የሚመስለው ቀጭን ባነር በአሠራሩ የኖቦሪ ዘመድ ነው።

ሦስተኛው መልስ ከእኛው አገር ነው። በለንደኑ የብሪታንያ ሙዚየም ከ5 ሜትር በላይ ቁመት ያለው የሐር መጋረጃ አለ፤ በቶሮንቶ በሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም አምሳያው ይገኛል። የጎንደር ዘመን ሥራዎች ናቸው፤ የለንደኑ ሙዚየሙ የገባው ከመቅደላ ዘመቻ በኋላ በ1868 ነው። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቅድስቱንና መቅደሱን የሚጋርድ መጋረጃ እንደነበረ ባለሙያዎች ያስረዳሉ። የተሠራበት ዘዴ ለዚህ ታሪክ የተለየ ትርጉም አለው። ሸማኔው ድሩን በትንንሽ ሰሌዳዎች ቀዳዳ ያሳልፋል፤ ሰሌዳዎቹ በዞሩ ቁጥር ክሮቹ እርስ በርስ ይጠማዘዛሉ፤ ማጉ በመካከላቸው ያልፋል። የሚወጣው ጥቅጥቅ ያለ፣ በቀላሉ የማይቀደድ ጨርቅ ነው። ይህ ሽመና በሌላው ዓለም የሚታወቀው በአብዛኛው ለመቀነትና ለልብስ ጠርዝ ነው። የጎንደር ዘመን ሸማኔዎች ግን ሌላው ለጠርዝ ያዋለውን ጥበብ ለጨርቁ ሁሉ አዋሉት፤ ሥዕሉንም ከነሰዎቹ በሽመናው ውስጥ አስገቡት። በሰሌዳ ሽመና ከተሠሩትና እስካሁን ከሚታወቁት ጨርቆች ሁሉ ትልልቆቹ እነዚህ ናቸው።

ከ1837 እስከ 1900፦ ባነር ኢንዱስትሪ ሲሆን

የባነር ሥራ ከቤተ መቅደስና ከጦር ሰፈር ወጥቶ ፋብሪካ የገባው በእንግሊዝ ነው። ምክንያቱ የሠራተኛ ማኅበራት መስፋፋት ነው። ማዕድን ቆፋሪው፣ አናጢው፣ የባቡር ሠራተኛው በአደባባይ ሲሰለፍ ማኅበሩን የሚያሳይ ትልቅ ዓርማ ፈለገ። ጆርጅ ቱቲል በ1837 ሥራውን ጀምሮ በለንደን ሲቲ ሮድ ትልቅ ድርጅት አቋቋመ፤ ሐሩ እዚያው ይሸመናል፣ እዚያው ይሳላል፣ እዚያው ይሰፋል። ማኅበራቱ ከካታሎግ መርጠው ያዝዙ ነበር። ከብሪታንያ የሠራተኛ ማኅበራት ባነሮች አብዛኞቹ ከእሱ እጅ እንደወጡ ይነገራል።

ቱቲል የፔሩጂያን ችግር ወርሶ ነበር፦ የዘይት ቀለም በሐር ላይ ይሰነጠቃል። በ1861 ፓተንት ያገኘበት ዘዴ ሐሩን በጎማ ቅብ ሸፍኖ ቀለሙን በዚያ ላይ ማሳረፍ ነበር። ጎማው ከጨርቁ ጋር አብሮ ይተጣጠፋል፤ ቀለሙም በመጠኑ ይከተለዋል። ዝናብም አይገባውም፤ በእንግሊዝ ሰማይ ሥር ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አያያዙም ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ። በሁለት ምሰሶዎች መካከል በአግዳሚ ዘንግ የተዘረጋ ትልቅ ሐር እንደ መርከብ ሸራ ንፋስ ይሞላል። ሁለት ሰዎች ምሰሶዎቹን በትከሻቸው ባነገቱት የቆዳ ማንገቻ ይሸከማሉ፤ ሌሎች ከምሰሶው አናት የሚወርዱትን ገመዶች ከፊትና ከኋላ እየሳቡ ሚዛኑን ይጠብቃሉ። ከ1871 ጀምሮ በሚደረገው የደራም ማዕድን ቆፋሪዎች በዓል ይህ አያያዝ እስካሁን ይታያል። ማዕድኖቹ ሳይዘጉ በፊት በዓመቱ በማዕድኑ ውስጥ ሰው የሞተበት ማኅበር ባነሩን ጥቁር ጨርቅ አልብሶ ይሰለፍ ነበር።

በዚሁ ክፍለ ዘመን ከመርከብ ሸራ ሰፊዎች መንደር ሌላ ነገር ወደ ባነር ተሻገረ። ሸራ ሰፊዎች ገመድ የሚያልፍበትን ቀዳዳ በእጅ በክር ይቀመቅሙ ነበር። በማሽን የሚመታ የነሐስ ቀለበት ሲመጣ ጊዜ ይፈጅ የነበረው ሥራ በአንድ ምት አለቀ። ቀለበቱ ግን ጨርቁን አያጠነክረውም፤ ቀዳዳው ሰፍቶ እንዳይቀደድ ብቻ ይከላከላል። ከሥሩ ሁለትና ሦስት ድርብ የታጠፈ ጠርዝ ከሌለ ቀለበቱ ከነቀዳዳው ተነቅሎ ይወጣል።

ከ1907 እስከ 1960፦ ኬሚስትሪ ይገባበታል

በ1907 ሳሙኤል ሳይመን በማንችስተር በሐር ወንፊት ቀለም የማሳለፍ ዘዴ ፓተንት አገኘ። አንድ ምስል መቶ ጊዜ በጨርቅ ላይ ማሳረፍ ተቻለ፤ ሠዓሊው ቦታውን ለአታሚ ለቀቀ። የጨርቁ ዓይነትና የማጠናቀቂያው ቅብ ግን ገና የድሮዎቹ ነበሩ፤ የዚህም ዋጋ በጁላይ 6 ቀን 1944 በአሜሪካ፣ በሃርትፎርድ ከተማ ተከፈለ። የሪንግሊንግ ብራዘርስ ሰርከስ ድንኳን ዝናብ እንዳያስገባ በቤንዚን በሟሟ ፓራፊን ሰም ተቀብቶ ነበር። ትርኢቱ እየታየ እሳት ተነሣ፤ ሰም የጠጣው ሸራ በደቂቃዎች ውስጥ ተቃጥሎ በብዙ ሺህ ተመልካች ላይ ወረደ። ከ160 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በቦስተን ኮኮናት ግሮቭ የምሽት ክበብ 492 ሰዎች ሲያልቁ ጣሪያውን ያስጌጠው ጨርቅና ሰው ሠራሽ ዘንባባ እሳቱን አባብሶት ነበር።

እነዚህ እልቂቶች በአዳራሽ ውስጥ ስለሚንጠለጠል ጨርቅ የነበረውን አስተሳሰብ ለወጡ። ውኃ መከላከሉ ብቻውን ብቁ አላደረገውም፤ እሳት መቋቋሙም መመርመር ነበረበት። ዛሬ በጀርመን ቢ1 የሚባለው ደረጃ፣ በአሜሪካ ደግሞ ኤንኤፍፒኤ 701 የሚባለው ፈተና የዚህ ጥንቃቄ መግለጫዎች ናቸው። በብዙ የኤግዚቢሽን አዳራሾች የምስክር ወረቀት የሌለው ባነር አይሰቀልም።

ሌላው ለውጥ የመጣው ከቤተ ሙከራ ነው። በ1941 ጆን ዊንፊልድና ጄምስ ዲክሰን፣ በአንድ የማንችስተር ኩባንያ ሲሠሩ፣ የፖሊስተርን ክር አገኙ። ፖሊስተር ውኃ ብዙም አይጠጣም፤ ስለዚህ ዝናብ ሲመታው እንደ ጥጥ አይከብድም፣ ሲደርቅም አይሰበሰብም። በ260 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይቀልጣል፤ በጋለ ቢላ ሲቆረጥ ጫፉ ቀልጦ ስለሚዘጋ ክሩ አይተረተርም። ለሺህ ዓመታት በመርፌ ሲቀመቀም የኖረው ጠርዝ ያለ ስፌት ሊዘጋ ቻለ።

በ1957 ደግሞ ፈረንሳዊው ኖኤል ደ ፕላስ በሩቤ የጨርቃ ጨርቅ ከተማ የወረቀት ቀለምን በሙቀት ወደ ጨርቅ የማሻገር ዘዴ አገኘ። በወረቀት ላይ የታተመው ቀለም በ200 ዲግሪ አካባቢ ፈሳሽ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ጋዝ ይለወጣል፤ በሙቀት የተከፈተው የፖሊስተር ክር ጋዙን ይቀበለዋል፤ ሲቀዘቅዝ ቀለሙ ከክሩ ውስጥ ይዘጋበታል። በጨርቁ ላይ የቀረ ቅብ ስለሌለ የሚሰነጠቅ ነገር የለም። ፔሩጂያን ያስቸገረው፣ ቱቲል በጎማ ያስታገሰው ችግር እዚህ ላይ መፍትሔ አገኘ፤ ጨርቁ እንደ ልብስ ታጥፎ ሻንጣ ውስጥ ይገባል።

ከ1970 እስከ 2000፦ ቀለበት፣ ቬልክሮና የንፋስ ሒሳብ

ስዊዘርላንዳዊው ጆርጅ ደ ሜስትራል በውሻው ፀጉር ላይ የተጣበቀውን እሾሃማ ፍሬ መርምሮ የሠራው ቬልክሮ በ1955 የአሜሪካ ፓተንት አገኘ። ሙዚየሞች ከ1970ዎቹ ጀምሮ አሮጌ የግድግዳ ምንጣፎችን ለመስቀል ተጠቀሙበት። ለስላሳውን ክፍል በጨርቁ ላይኛ ጠርዝ ከጀርባ ይሰፉታል፤ ሻካራውን በግድግዳው ላይ በተመታ እንጨት ላይ ያደርጉታል። ክብደቱ በጠቅላላው ወርድ ይከፋፈላል፤ ጠማማ ከሆነም ላጥ አድርጎ ማስተካከል ነው። ኤግዚቢሽን አዘጋጆችም ይህንኑ ይዘው ታጣፊ የጨርቅ ግድግዳዎችን መሥራት ጀመሩ።

ከቤት ውጭ ግን የነገሠው በፕላስቲክ የተለበጠ ሸራ ነው፤ በእኛም አገር «ባነር» ሲባል መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው እሱ ነው። በ1990ዎቹ ሰፋፊ ጨርቅና ሸራ የሚያትሙ የቀለም መርጫ ማሽኖች በገበያ ሲስፋፉ ለእያንዳንዱ ቀለም ወንፊት ማዘጋጀት ቀረ። አንድ ባነር ብቻ ማሳተም አዋጪ ሆነ፤ ለሠርግ፣ ለምርቃት፣ ለሱቅ መክፈቻ ሁሉም አሳተመ። ኅትመቱ የደቂቃ ሥራ ሲሆን ጠርዙን ማጠፍ፣ በሞቀ አየር ማጣበቅና ቀለበት መምታት የእጅ ሥራ ሆኖ ቀረ። ጊዜ ሲያጥር መጀመሪያ የሚዘለለውም ይኸው ሆነ።

መዘለሉ የሚያስከትለውን ንፋሱ ይናገራል። 6 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ባነር መንገድ አቋርጦ ተሰቅሏል እንበል። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ንፋስ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 25 ኪሎ ግራም ያህል ጫና ያሳርፋል፤ በጠቅላላው 150 ኪሎ ግራም ይመጣል። ባነሩ በአራት ጥጉ ብቻ በሲባጎ ከታሰረ እያንዳንዱ ጥግ 37 ኪሎ ግራም ያህል ይሸከማል። ከላይና ከታች በየ50 ሳንቲ ሜትሩ ቀለበት ከተመታና ሁሉም ከታሰሩ፣ ያው ጫና ለ26 ቀለበቶች ተከፍሎ ለእያንዳንዱ ከ6 ኪሎ ግራም በታች ይደርሳል። ገመዱ በተወጠረ መጠን ጉተቱ ከዚህም ያልፋል፤ ልምድ ያለው ሰቃይ ለዚህ ነው ትንሽ የሚለጠጥ ማሰሪያ የሚመርጠው። በባነሩ መሀል ግማሽ ጨረቃ እየቀደዱ ንፋስ ማሳለፍ የተለመደ ነው፤ ግን ቀዳዳዎቹ የሚያሳልፉት ከሚሸከመው አንፃር ጥቂት ነው፣ ራሳቸውም የቅደት መነሻ ይሆናሉ። ከሕንፃ ላይ ለሚወርድ ትልቅ ባነር የሚሻለው እንደ ወንፊት የተሸመነው መረብ ሸራ ነው።

ከ2000 ወዲህ፦ ጠርዙ ራሱ ማያያዣ ይሆናል

በአውሮፓ የንግድ ትርኢቶችና ሱቆች የተስፋፋው የመጨረሻው ዘዴ ዘንግም ቀለበትም ገመድም አያስፈልገውም። በፖሊስተሩ ጨርቅ ዙሪያ ቀጭን የሲሊኮን ጥብጣብ በስፌት መኪና ይሰፋል። የአሉሚኒየሙ ፍሬም በዙሪያው ጠባብ ቦይ አለው፤ ጥብጣቡ በዚያ ውስጥ ይጨመቃል። ጨርቁ ከፍሬሙ በጥቂቱ ስለሚያንስ ሲገባ ይወጠራል፤ ሽብሽቡ ይጠፋል፣ ፍሬሙም ከፊት አይታይም። ከኋላው መብራት ከተደረገ ግድግዳው ሁሉ ያበራል።

ሥራው ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ አራቱ ጥጎች ይገባሉ፣ ከዚያ የየጎኑ መሀል፣ በመጨረሻም የቀረው በአውራ ጣት እየተጫነ ይዘጋል። ከአንድ ጥግ ጀምሮ ዝም ብሎ የሚቀጥል ሰው መጨረሻው ላይ ትርፍ ጨርቅ ይተርፈዋል። ምስሉን ለመቀየር ከታች ጥግ የተሰፋችውን ትንሽ ጅራት መሳብ ይበቃል። አዲሱ ምስል ታጥፎ በትንሽ ካርቶን ይላካል፤ ፍሬሙ ለዓመታት በቦታው ይቆያል። ትልልቅ የንግድ ስሞች ዘዴውን የወደዱት የማጓጓዣ ወጪና የሰቃይ ደመወዝ ስለሚቀንስላቸው ነው። ጨርቁ ግን በትክክል ካልተለካ ወይም ጥብጣቡ ጠማማ ከተሰፋ ማስተካከያ የለውም፤ ብልሃቱ ከሰቃዩ እጅ ወጥቶ ወደ ሰፊው ተዛውሯል።

ከማዋንግዱይ እስከዚህ ፍሬም ድረስ አዲሱ ዘዴ አሮጌውን ጨርሶ አላባረረውም። ዘንግ ማስገቢያው፣ የታች ክብደቱ፣ የጎን ቀለበቱ፣ የብረት ቀለበቱ፣ ቬልክሮውና ሲሊኮኑ ዛሬ በአንድ ማተሚያ ቤት የዋጋ ዝርዝር ላይ ጎን ለጎን ይገኛሉ፤ እያንዳንዳቸው ለአንድ የተወሰነ ጫና የተሰጡ መልሶች ናቸው። ለአዳራሽ ጣሪያ ዘንግና ክብደት፣ ለሱቅ ደጃፍ ኖቦሪው፣ ለመንገድ ድርብ ጠርዝና ተቀራራቢ ቀለበት፣ በየወሩ ለሚለወጥ ማስታወቂያ ፍሬሙ ይስማማል። ምርጫው የሚደረገው ደግሞ ከዲዛይኑ በፊት ነው፤ ለዘንግ ማስገቢያ የሚታጠፈው ወይም ቀለበት የሚመታበት ጠርዝ ከምስሉ ላይ ቦታ ይወስዳልና ጽሑፉ እስከ ዳር ከተለቀቀ ይበላል። ስለዚህ ደንበኛው «ካሬው ስንት ነው?» ብሎ ሲመጣ ማተሚያ ቤቱ ዋጋውን ከመናገሩ በፊት «የት ነው የሚሰቀለው?» ብሎ ይጠይቅ።